ጉዳይ የሌለው ደብዳቤ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሣህሉ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እናታችን ብትኖር ከዚህ ቀጥላ የመላእክቱን ስም አንድ በአንድ ትጠራልህ ነበር። እኔ ወረቀት ስለሚያልቅብኝ ሁሉም ይጠብቁህ ብዬ አልፌዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ፋብሪካ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፣ ቤቴን ከፍቼ ዘግቼ እተኛለሁ።

ለፋሲካ የጻፍኩልህ ደብዳቤ መልስ አላገኘም። ሃሊሞን ስጠይቃት “በእጁ ሰጠሁት፣ ኪሱ ከተተው” አለችኝ። እሷ እንደምታውቃት ናት፤ አሁንም ጨርቋን ይዛ ከጅቡቲ ድሬ በባቡር ትመላለሳለች፣ የኛም ደብዳቤ ከጨርቁ መሃል ተጠቅልሎ ይሄዳል። በፖስታ ቤት ከሚሄድና የማናውቀው ሰው ከሚያነበው ይሻላል። በዚያ ደብዳቤ የጻፍኩልህ ስለ ጎረቤታችን ስለ ቱሪያ ልጅ ሠርግና የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ስለወሰደው ፍየል ነበር። ጉዳይ የለውም ብለህ ትተኸው ይሆናል። አልፈርድብህም፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው የፍየል ወሬ ምን ያደርግለታል?

አሁን ግን ጉዳይ አለኝ። ጣራው ማፍሰስ ጀምሯል። ከአልጋዬ ራስጌ በኩል ያለው ቆርቆሮ ዝጎ ተበስቷል፣ ሠራተኛው መለወጥ አለበት ይላል። የፋብሪካው ደሞዝ አስቤዛዬን ችሎ ለጣራ አይተርፍም። ማስቸገሬ ከብዶኛል፤ ቢሆንም ካንተ ሌላ ማን አለኝ?

መልስህን በሃሊሞ ላክልኝ። ረዘም አድርገህ ጻፍ።

እህትህ ዘነበች

ጅቡቲ፣ ኅዳር 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለተከበርሽው እትዬ ዘነበች፤

የናፍቆት ሰላምታዬ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ፣ የደወሌን በረሃ አቋርጦ ደጃፍሽ ይድረስ። እኔ በፈጣሪ ቸርነት እጅግ ደህና ነኝ። የምሠራበት የነጋዴው ቢሮ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ስለሆነ የጽሕፈቱ ሥራ ፋታ አይሰጥም። መልስ ያዘገየሁት በዚህ ምክንያት መሆኑን ተረጂልኝ። ቢሮው ቬንቲሌተር ስላለው ሙቀቱ ብዙም አይሰማኝም።

ስለ ጣራው በሰማሁ ጊዜ አዘንኩ። ድሬ በዓመት ስንት ቀን ዘንቦ ነው ያንቺን ራስጌ መርጦ የሚያፈሰው ብዬ ደግሞ ሳቅሁ። ለማንኛውም በሃሊሞ እጅ አንድ ጣቃ ጨርቅ፣ ስድስት የሴት ድሪያና ሁለት የወንድ ሸሚዝ ልኬልሻለሁ። ታይዋን ገበያ ወስዳ ትሸጥልሽና ብሩን ታስረክብሻለች። ገበያ ቆመሽ እንዳትሸጪ፤ የሣህሉ እህት ጨርቅ ዘርግታ ተቀመጠች መባሉን አልወድም። ከድሪያዎቹ አንዱን ለቱሪያ ስጪልኝ፣ ከሣህሉ ነው በያት። ጎረቤቶችሽም ከማን እንደመጣ ይወቁ።

ጓደኛዬ አየነው እንዴት ነው? አሁንም የጣቢያው ቲኬት መስኮት ላይ ነው? አብረን ስንሠራ የኔን ነጭ ሸሚዝ እያየ ‘አንተ ልትሞሸር ነው ወይስ ቲኬት ልትቆርጥ?’ ይለኝ ነበር። ስለኔ ከጠየቀሽ ያለሁበትን ደረጃ ንገሪው። ስሜ በቀበሌ ተጠራ ተብሎ በጆንያ ተሸፍኜ ከድሬ የወጣሁ ቢሆንም፣ የምገባው ግን ቀና ብዬ፣ እጄ ሞልቶ ነው። ጊዜው ሲፈቅድ ማለቴ ነው።

ወንድምሽ ሣህሉ

ድሬዳዋ፣ የካቲት 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሣህሉ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። የላክኸው ሁሉ ደርሷል። ሃሊሞ ሸጣ ብሩን እስከ ሳንቲሙ አስረክባኛለች። ቱሪያ ድሪያውን ለብሳ ግቢውን ሦስቴ ዞረችበት፤ የባሏ ዓይን ውስጥ እስኪገባ ድረስ ነው የዞረችው። ጣራው ደህና ነው።

ዛሬ ምንም ልጠይቅህ አይደለም የምጽፈው። የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ ቤት ስገባ የማዋራው ሰው የለኝም፤ የፋብሪካው ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ እስከ ቀትር ይቆይና ሲጠፋ ቤቱ ጭር ይልብኛል። አንተ ትንሽ ሆነህ የሰማኸውን ሁሉ እያመጣህ ታወራልኝ ነበር። ጆሮዬን ነቅለህ አውጥተኸዋል እያልኩ እቆጣህ ነበር፤ ዛሬ ብታወራልኝ አልቆጣም።

አየነውን አግኝቼዋለሁ። ሰላም በይልኝ ብሏል። ስለ ደረጃህም ነግሬዋለሁ፤ ደስ አለው። ይኸው ነው። ሲመችህ ጻፍልኝ፤ ሁለት መስመርም ይበቃኛል።

ዘነበች

ድሬዳዋ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሣህሉ፤

እንዴት ከረምክ? ላለፈው ደብዳቤዬ መልስ አልመጣም። ሃሊሞ በመጣች ቁጥር ከባቡር ጣቢያ ቀጥታ ወደ እኔ እንደማትመጣ እያወቅሁ በሩን ገርበብ አድርጌ እቀመጣለሁ።

የዛሬው ጉዳይ ጥርሴ ነው። ሁለቱ የመንጋጋ ጥርሶቼ መነቀል አለባቸው፣ በነሱ ምትክም ሌላ ይተከላል ተብሏል። ዋጋው ከአቅሜ በላይ ነው። ያለጥርስ ለመቅረት ዕድሜዬ ገና ነው ብዬ ነው የማስቸግርህ።

መልስህን እጠብቃለሁ።

ዘነበች

ጅቡቲ፣ መስከረም 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እትዬ ዘነበች፤

እንኳን አዲሱን ዓመት በሰላም አገናኘን። ጥርስሽን በሰማሁ በነጋታው መላክ ፈልጌ ነበር፤ የነጋዴው ሂሳብ መዝጊያ ወቅት ስለሆነ ዘገየሁ። አሁን አራት ድሪያና አንድ ትንሽ ራዲዮ ልኬያለሁ። ከባለፈው አንሷል፤ ይቅር በይኝ።

እትዬ፣ አንድ ነገር ላንሣ፣ አትቀየሚኝ። ብቻሽን የምትኖሪ ሰው ነሽ፣ ደሞዝ አለሽ፣ እኔም የምችለውን እልካለሁ። ይህ ሁሉ ብር የት ነው የሚገባው? ሃሊሞን ‘ጣራው እንዴት ሆነ?’ ብዬ ብጠይቃት ወደ ጎን አየች። አንቺ ሰው ሲለምንሽ እምቢ ማለት የማትችይ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ፤ አሥር ሳንቲም ከቀሚስሽ ጫፍ ቋጥረሽ እኔን ትምህርት ቤት ያስገባሽ ሴት ነሽ። ታዲያ ዛሬ ምን ነካሽ? እኔ እዚህ በቀላሉ የማገኘው እንዳይመስልሽ።

ምሕረት ታውጇል ተብሎ ብዙ ሰው ወደ አገር ለመመለስ እየተመዘገበ ነው። በባቡር ያወርዷቸዋል፣ ብርድ ልብስና ስንዴ ይሰጧቸዋል አሉ። እኔ እንደዚያ ሆኜ የድሬን ጣቢያ አልረግጥም። እዚህም ያልጨረስኩት የሂሳብ ነገር ስላለ እሱን ሳልዘጋ መንቀሳቀስ አልችልም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ አትጨቅጭቂኝ።

ሣህሉ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 6 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሣህሉ፤

ደብዳቤህን አነበብኩት። ወረፋ ይዤ ቆሜ ሳለሁ አነበብኩት፣ ቤት ገብቼም ደገምኩት። ቆጣ ብለሃል። ቢሆንም ከላክኸው ሁሉ ረጅሙ እሱ ስለሆነ ደስ ብሎኛል። ብትቆጣም ጻፍ።

ብሩ የት ገባ ብለሃል። አልጠፋም፣ ካለበት አለ። ለማንም አልሰጠሁትም። አንተ እጅህ አይቋጥርም፣ የኔ እጅ ደግሞ ከቋጠረ አይፈታም፤ ከአንድ እናት ወጥተን እንዲህ መሆናችን ይገርመኛል። የምትመጣ ቀን ታየዋለህ።

አልጨቅጭቅህም ብዬ ልጨርስ ነበር፤ አልቻልኩም። ስንዴ ተሸክመው የወረዱትን ሰዎች አይቻለሁ። አንዷ ልጇን አቅፋ እስክትስመው ድረስ ስንዴዋን መሬት ጥላው ነበር፣ ማንም ስንዴውን አላየም። ሂሳብህን ዝጋና ና። ናፍቀኸኛል።

ዘነበች

ድሬዳዋ፣ ግንቦት 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ሣህሌ፤

ሰላም ነህ ወይ ብዬ የምጠይቅበት ቀን አይደለም፤ የምነግርህ አለኝና ተቀምጠህ አንብበው።

ሃሊሞ ባለፈው ማክሰኞ መጣች። ደወሌ ኬላ ላይ የጉምሩክ ፊናንሶች ጨርቋን በሙሉ ወርሰውባታል። ከበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ውሃ ሰጠኋት፣ ተረጋጋች፣ ከዚያ ይዛው የኖረችውን ነገር ሁሉ ዘረገፈችው።

መጀመሪያ የኔን ልንገርህ። ጣራዬ አፍስሶ አያውቅም። ጥርሴም ደህና ነው፣ አጥንት እሰብርበታለሁ። ወሬ ስጽፍልህ ዝም ትላለህ፣ ችግር ስጽፍልህ በወር በሁለት ወር ውስጥ መልስ ይመጣል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሌላ መንገድ አላገኘሁም። ብሩን አልፈለግሁትም፣ የእጅ ጽሕፈትህን ነው የፈለግሁት። የላክኸው ጨርቅ ሲሸጥ ብሩን ቤት ማስቀመጥ ፈራሁ፣ ባንክ ላስገባውም ከየት አመጣሽው እንዳልባል ፈራሁ። ሃሊሞን ‘ወንድሜ ሲመጣ የሚቋቋምበት ነው፣ ያዢልኝ፣ ለሱ እንዳትነግሪው’ ብዬ መልሼ ሰጠኋት። እሷም አማና ነው፣ አደራ ነው ብላ ተቀበለችኝ፣ ቁጭ ከሚል ልነግድበት ስትለኝ ነግጂበት አልኳት።

ያንተን ደግሞ እሷ ነገረችኝ። ጨርቁን ሁሉ ከሷ በዱቤ ነው የወሰድከው። እሷ ደግሞ ለጥርሴ ብለህ የላክኸውን ጨርቅ የገዛችው በኔ ብር ነው። ገባህ? በኔ ብር ጅቡቲ ጨርቅ ትገዛለች፣ ላንተ በዱቤ ትሰጥሃለች፣ አንተ ለኔ ትልከዋለህ፣ እሷ ታይዋን ሸጣ ብሩን ታመጣልኛለች፣ እኔ መልሼ ያዢልኝ እላታለሁ። አንተ ደግሞ ከምታገኘው ላይ በየወሩ ዕዳህን ትከፍላታለህ።

“ወላሂ ዘነቡ፣ አንቺ አትንገሪው አልሽ፣ እሱ አትንገሪያት አለ። አማና ነው ብዬ አፌን ዘጋሁ። በሁለታችሁ መሃል ተሸካሚ ሆኜ ቀረሁ አቦ” አለችኝ።

መጀመሪያ ሁለታችንም ሳቅን። ቱሪያ ምን ተገኘ ብላ መጣች። ከሄዱ በኋላ ግን አለቀስኩ። የኔ ልጅ፣ ያላፈሰሰ ጣራ ስታሠራ ኖረሃል።

አሁን ከዚያ ሁሉ የተረፈ የለም፣ ፊናንስ ወስዶታል። ሃሊሞ እከፍላለሁ ትላለች፣ እኔ አልጠይቃትም። አንተም ለሷ ያለብህ ዕዳ የኔ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ የለም። አልዘጋሁትም ያልከው ሂሳብ ተዘግቷል። ሃሊሞ ስላንተ ሌላም ነገር ልትነግረኝ ጀምራ ነበር፤ እሱ ራሱ ይንገረኝ ብዬ አስቆምኳት።

ና ሣህሌ። ምንም አትያዝ።

እህትህ

ጅቡቲ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1976 ዓ.ም.

እትዬ፤

ይህ ፖስታ ውስጡ ከወረቀት በቀር ምንም የለውም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ስልክልሽ የመጀመሪያዬ ነው።

ያስቆምሻትን ነገር ልንገርሽ። ጸሐፊ አይደለሁም። ወደብ ላይ የስንዴና የሩዝ ጆንያ እሸከማለሁ። መጀመሪያ እንደመጣሁ ለአንድ ወር ያህል ቢሮ ሠርቻለሁ፤ ቬንቲሌተሩ ያኔ የነበረ ነው። ከቢሮው ስባረር ልጽፍልሽ ተቀመጥኩና ‘እስቲ ሌላ እስካገኝ’ አልኩ። ከዚያ በኋላ እየከበደኝ ሄደ።

የፍየሉን ደብዳቤ አልተውኩትም። ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ለጓደኞቼም አንብቤላቸው ስቀውበታል። መልስ ልጽፍ እየተቀመጥኩ ከፖስታው ጋር የምልክልሽ ነገር ሳጣ ብዕሩን አስቀምጣለሁ። ምንም ካልላክሁ እንደሌለኝ የምታውቂብኝ ይመስለኝ ነበር። ችግር ስትጽፊ ግን ከሃሊሞ ልውሰድና ልላክ እላለሁ፣ ልቤ ይቀለኛል፣ ለሁለት ቀን ያህል ያ ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ሰውዬ እሆናለሁ። ከዚያ እንደገና ጆንያ ነው።

እመጣለሁ። የምሕረቱን ወረቀት ይዣለሁ። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ባለው የመጀመሪያው ሐሙስ በሚገባው ባቡር ነኝ፣ ሃሊሞም ትነግርሻለች። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ጣቢያ እንዳትመጪ። አየነው ከመስኮቱ ያየኛል፣ ያን ሁሉ ሰው አልፌ፣ ባዶ እጄን፣ አንቺ ደግሞ አጠገቤ ሆነሽ ስታለቅሺ፣ አልችለውም። ጨለም ሲል ደቻቱን ተሻግሬ ብቻዬን እመጣለሁ። ቤት ሆነሽ ጠብቂኝ።

ሣህሉ

አዋሽ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1977 ዓ.ም.

እትዬ ዘነቡ፤

በሕይወት አለሁ። ይህን ቀድሜ ልጽፍልሽ ይገባ ነበር፣ ደፍሬ አልጻፍኩም።

ባልኩሽ ሐሙስ ድሬ ወርጄ ነበር። አትምጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ስወርድ ግን ዓይኔ አንቺን ነው የፈለገው። ሰው ሁሉ ሰው ተቀበለው። ጣቢያው እስኪጸዳ ድረስ ከግንቡ ጥግ ቆምኩ፣ ነጠላ የለበሰች ሴት ባየሁ ቁጥር አንቺ ነሽ እያልኩ። እንደማትመጪ አውቃለሁ፣ አንቺ የተባልሽውን ታደርጊያለሽ። ቢሆንም ጠበቅሁሽ።

ሲመሽ ደቻቱ ድረስ ሄጄ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ እግሬ አልሄደም። በዚህ ዕድሜዬ በርሽን አንኳኩቼ ምን ይዤ ልግባ አልኩ። በነጋታው ወደ ላይ በሚወጣው ባቡር አዋሽ ገባሁ። እዚህ ከሰል እየጫንኩ ነው። ሥራው ከወደብ አይብስም። ለገና ወይም ለፋሲካ ትንሽ ነገር ሲኖረኝ እመጣለሁ። እስከዚያ አታስቢ።

ሣህሉ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ሣህሌ፤

ያን ሐሙስ የሆነውን ልንገርህ። ቀፊራ ገበያ ሄጄ ሥጋ ገዛሁ፣ ባለሥጋው እንኳ ‘ዘነበች ዛሬ ምን በዓል ነው?’ አለኝ። ፈረቃዬን ለሰው ለወጥኩ። የባቡሩ ጩኸት ሲሰማ ነጠላዬን አነሣሁና መልሼ ሰቀልኩት፤ እንደገና አነሣሁና እንደገና ሰቀልኩት። አትምጪ ብለሃላ። አላሳፍረው ብዬ ቤቴ ቁጭ አልኩ። ወጡ እስኪበርድ ጠበቅሁህ፣ ከበረደም በኋላ ጠበቅሁህ። የምበላውን ሳላነሣ ነጋ።

ልጅ ሆነህ ‘አልራበኝም’ ስትል ምንም ሳልመልስልህ ምሳህን አቀርብልህ ነበር፣ ትበላም ነበር። ያን ጊዜ የማውቀውን አሁን እንዴት ረሳሁት? አንተ ትልቅ ሰው ሆንክ፣ እኔም ቃልህን የትልቅ ሰው ቃል አድርጌ ያዝኩት። በዚህ እኔም እንዳንተው ሞኝ ነኝ።

ለገና፣ ለፋሲካ፣ ትንሽ ነገር ሲኖረኝ ትላለህ። ትንሽ ነገር የሚባለው ላንተ መቼም እንደማይኖርህ አውቄያለሁ። ቢኖርህም አይበቃኝም ትላለህ። እኔም ሰው ሲመጣ ይጠቅመዋል እያልኩ ስቋጥር ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ አርጅቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ከደሞዜ ላይ ፈትቼ ለራሴ አንድ ነገር ገዛሁ። የአዋሽ ቲኬት ነው። የመጪው ረቡዕ።

የቆረጠልኝ አየነው ነው። “ወዴት ነው ዘነቡ?” አለኝ። “ወንድሜ አዋሽ ነው፣ ከሰል ይጭናል፣ ልጠይቀው ነው” አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አየነው ቲኬቱን ሰጠኝና፣ “የኔም ልጅ እዚያው ጫኝ ነው፣ ካገኘሽው ሰላም በይልኝ” አለኝ። የመልሴን ሳንቲም ቆጥሮ ሰጠኝና ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራ።

ምንም ይዤልህ አልመጣም። ምግብ እንኳ አልቋጥርም፣ እንዳይከብድህ። አብረን ትንሽ እንቀመጥና ስለ ፍየሉ የቀረውን እነግርሃለሁ። እሺ ካልክ አብረን እንመለሳለን፣ እምቢ ካልክ ያለህበትን አይቼ እመለሳለሁ።

እኔ እንዳንተ አይደለሁም፣ ፈልጌ ሳለ አትምጣ አልልም። ጣቢያ መጥተህ ተቀበለኝ። ባትመጣም እወርዳለሁ።

እህትህ ዘነበች